ፊት በማይታይበት ቦታ ፊት ሲነሱን

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ስልኬን ብርሃኑ እንዳይታየኝ ደፍቼ ትራሴ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ግን በየሁለት ደቂቃው አነሳዋለሁ።

ማታ ላይ በአንድ ተከታታይ ድራማ አድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ነው። ሰውየው ሊዋሽ ሲል ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። ይህን ያስተዋልኩት በአጋጣሚ ነው። ከዚያ ድራማውን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሬ እንደገና አየሁት። 17 ቦታ አገኘሁ። እያንዳንዱን ከነደቂቃው ጻፍኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሠራሁት ነገር አልነበረም።

43 ሰው አየው። የመለሰችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። «ዋው፣ ብዙ ጊዜ አለሽ ማለት ነው።»

ይቺን አንድ መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አላውቅም። ማድነቋ ነው? መሳለቋ ነው? ኢሞጂ የለውም። መጨረሻው ላይ አራት ነጥብ አለ። ቀሪዎቹ 42 ሰዎችስ ለምን ዝም አሉ? ሌላ ግሩፕ ከፍተው እየሳቁብኝ ይሆን? ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ያህል ከበደኝ። ጎህ ሳይቀድ ጽሑፉን አጠፋሁት። ከግሩፑም ወጣሁ። ለማንም ምንም አላልኩም።

በአማርኛ ለዚህ ስሜት ጥሩ አባባል አለን፤ «ፊት ነሱኝ» እንላለን። ሰላም ብለነው ዞር የሚል ሰው ፊት ነሳን ይባላል። እዚያ ግሩፕ ውስጥ ግን የሚዞር ፊት የለም። ያለው ስም፣ ትንሽ ፎቶና ጽሑፍ ነው። የነሳኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። ከነጭራሹ የነሳኝ ሰው መኖሩንም አላውቅም። ሕመሙ ግን እውነት ነበር።

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መቆጣጠርና ራስን መግታት የሚያስቸግርበት የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለብኝ በባለሙያ የታወቀው ከዚያ ሌሊት ሁለት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ለዚህ ነገር የነበረኝ ስም አንድ ብቻ ነው። «ሆደ ባሻ ነሽ።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ።

አሁን ይህን ጉዳይ፣ ማለትም እንደኔ ያሉ ኒውሮዳይቨርጀንት የሚባሉ ሰዎች በአድናቂዎች ግሩፕ ውስጥ መገፋትን መፍራታቸውን ሳስበው፣ ሆደ ባሻነት የታሪኩ ግማሽ ብቻ መሆኑ ይታየኛል። ሌላው ግማሽ ያለው ዝም በሚለው ማኅበረሰብ ዘንድ ነው። እኔ ሁለቱም ቦታ ቆሜ አውቃለሁ። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ?

ኒውሮዳይቨርጀንት የሚባለው አእምሮው ትኩረት የሚሰጥበት፣ መረጃ የሚቀበልበትና ስሜት የሚያስተናግድበት መንገድ ከብዙኃኑ ለየት ያለ ሰው ነው። ኦቲዝም፣ ኤዲኤችዲ፣ ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግርበት ሁኔታ) እና ቱሬት (ያለ ፈቃድ የሚመጣ እንቅስቃሴና ድምፅ) ያለባቸው ሰዎች በብዛት በዚህ ስም ይጠራሉ። የበሽታ ስም አይደለም። ሐኪም የምርመራ ውጤት ላይ የሚጽፈው ቃልም አይደለም። ሰዎች ራሳቸውን ለመግለጽ የመረጡት ነው።

«ኒውሮዳይቨርሲቲ» (የአእምሮ አሠራር ብዝኃነት) የሚለው ቃል በኅትመት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 አካባቢ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጋዜጠኛው ሃርቪ ብሉም በመጽሔት ጽሑፉ፣ አውስትራሊያዊቷ ጁዲ ሲንገር ደግሞ በመመረቂያ ጽሑፏ በዚያው ዓመት ተጠቅመውበታል። «ኒውሮዳይቨርጀንት» የሚለው ደግሞ ትንሽ ቆይቶ የመጣ፣ የመብት ተሟጋች የሆኑት የካሲያን አሳሱማሱ ቃል ነው። ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ሐሳቡ የበሰለበት ቦታ ነው። በ1990ዎቹ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች በኢንተርኔት ይጻጻፉ ነበር። ፊት ለፊት መነጋገር የሚከብዳቸው ሰዎች በጽሑፍ ተገናኙ። እርስ በእርስ ሲነጋገሩ «ችግሩ እኔ ዘንድ ብቻ ነው ወይ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ስለዚህ ኢንተርኔት ለእንዲህ ዓይነት ሰው ተራ መዝናኛ አልነበረም። ለብዙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ «እንደኔ ያለም አለ ለካ» ያሉበት ቤት ነው።

የአድናቂዎች ማኅበረሰብ ደግሞ ከሁሉም የሚሞቀው ቤት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳይና መሪ፣ ማይክ ሌሰርና ዌን ሎውሰን በ2005 ባወጡት ጽሑፍ ኦቲዝምን በትኩረት አሠራር አስረድተውት ነበር። የአንዳንዱ ሰው ትኩረት እንደ መስኖ ውኃ ብዙ ቦታ ይከፋፈላል። የሌላው ግን አንድ ጥልቅ ወንዝ ሆኖ ይፈሳል። ወንዙ የገባበት ነገር ሁሉንም ይይዛል። አንድ ድራማ፣ አንድ የሙዚቃ ቡድን፣ አንድ ጌም፣ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ሊሆን ይችላል። በሥራ ቦታ ስለዚህ ነገር ለ40 ደቂቃ የሚያወራ ሰው አሰልቺ ነው ይባላል። እዚህ ግን 17ቱን ቦታ መቁጠር ያስከብራል። ቢያንስ ማስከበር ነበረበት።

በጽሑፍ መገናኘቱም ራሱ ይረዳል። ኖዋ ሳሰንና ባልደረቦቹ በ2017 ያወጡት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ኦቲዝም ያለባቸውና የሌለባቸው ሰዎች ስለራሳቸው ሲናገሩ ተቀረጹ። ተመልካቾች በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ግምት እንዲሰጡ ተጠየቁ። ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎች ድምፅ ሲሰሙ ወይም ምስላቸውን ሲያዩ ዝቅ አድርገው ገመቷቸው። ከእነሱ ጋር ለመነጋገር የነበራቸው ፍላጎትም ቀነሰ። የተናገሩት ነገር በጽሑፍ ብቻ ሲሰጣቸው ግን ልዩነቱ ጠፋ።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነበው አለቀስኩ። ነገሩ የምንለው ነገር ላይ አልነበረም ማለት ነው። አነጋገራችን፣ አስተያየታችን፣ እጃችን የሚንቀሳቀስበት መንገድ ላይ ነበር። በጽሑፍ ዓለም ውስጥ ግን እነዚህ ሁሉ አይታዩም። በሩ ለሁሉም እኩል ይከፈታል።

ታዲያ ፍርሃቱ ከየት ይመጣል?

ሰሙ የታል? ወርቁስ?

ጽሑፍ ድምፅንና ፊትን ሲያስቀር፣ የንግግርን ቃናም አብሮ ያስቀራል። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ያወጡት ጥናት አለ። ሰዎች በኢሜይል የምፀትና የቁም ነገር ዓረፍተ ነገሮችን እንዲልኩ ተደረገ። ላኪዎቹ ተቀባዩ 78 በመቶ ያህሉን በትክክል ይረዳዋል ብለው ገመቱ። በተግባር የተረዱት 56 በመቶ ገደማ ነው። ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልብ በሉ፣ ይህ ጥናት በተለይ ኒውሮዳይቨርጀንት ሰዎችን የሚመለከት አይደለም። ማንም ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ጸሐፊው የራሱን ቃና ጭንቅላቱ ውስጥ ይሰማዋል። አንባቢው ግን አይሰማውም።

አሁን በዚህ ላይ ቃል በቃል መረዳት የሚቀናውን ሰው ጨምሩበት። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን። ወርቁን ማግኘት የብልህነት ምልክት ነው። ሰሙን ብቻ የያዘ ሰው ግን እንደ ሞኝ ይታያል። ኦቲዝም ያለበት ወጣት ሲጽፉለት ሰሙን ይይዛል። ከዚያ ሰዎች ይስቃሉ። ይህ ደጋግሞ ሲደርስበት በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር ወርቅ መፈለግ ይጀምራል። በሌለበትም ይፈልጋል። «እሺ» እና «እሺ።» የተለያየ ነገር ይሆኑበታል። በነገራችን ላይ ይህ ቅዠት አይደለም። በ2016 የወጣ አንድ ጥናት በስልክ መልእክት መጨረሻ ላይ ነጥብ ሲኖር አንባቢዎች መልሱን ከልብ እንዳልሆነ አድርገው እንደሚገምቱት አሳይቷል። አራት ነጥብ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ሌሊት ላይ ብቻውን ላለ ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሆደ ባሻነት ሲጠና

ሥነ ልቦና ለዚህ ነገር ስም የሰጠው ቆየት ብሏል። ጄራልዲን ዳውኒና ስኮት ፌልድማን በ1996 ስለ «መገለልን አብዝቶ መፍራት» ጽፈዋል። እነሱ እንደገለጹት ነገሩ ሦስት መልክ አለው። ሰውየው መገፋትን በጭንቀት አስቀድሞ ይጠብቃል። ትንሽ ምልክት ሲያይ ተገፋሁ ብሎ ይደመድማል። ከዚያ የሚሰጠው ምላሽ ከደረሰበት ነገር በላይ ይሆናል። ምንጩ ተፈጥሮ ብቻ ነው አላሉም። በፊት የተገፋ ሰው ይማረዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ነው።

ይህ ለእኔ ዋናው ነጥብ ነው። ልጡን አይቶ የሚሮጠውን ሰው ስናይ እንስቃለን። እባቡን ግን አላየንም። ኒውሮዳይቨርጀንት የሆነ ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ «አቋርጠሽ ተናገርሽ»፣ «አተኩሪ»፣ «ለምን እንደሰው አትሆኚም» ሲባል ያድጋል። ጓደኞቹ አንድ ቀን ያለ ምክንያት መጥራት ያቆማሉ። ምክንያቱን ማንም አይነግረውም። አድጎ ግሩፕ ውስጥ ዝምታ ሲገጥመው፣ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ከልምድ ያውቃል። ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል።

ኤዲኤችዲ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ይህን ስሜት የሚመለከት «አርኤስዲ» (ሪጀክሽን ሴንሲቲቭ ዲስፎሪያ) የሚል ምህጻረ ቃል በስፋት ትሰማላችሁ። ያስተዋወቀው አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ዊሊያም ዶድሰን ነው። ትችትን ወይም መገፋትን ተከትሎ በድንገት የሚመጣ፣ መላ አካልን የሚያናውጥ ሕመም ማለት ነው። አንድ ነገር ግን በግልጽ መታወቅ አለበት። በ2013 በወጣው ዲኤስኤም 5 በተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ ውስጥ አርኤስዲ እንደ ምርመራ ስም አልተካተተም። ኢንተርኔት ላይ «አርኤስዲ አለብኝ» የሚል ሰው የሐኪም ማረጋገጫ ይዞ አይደለም የሚናገረው። እኔ ግን ቃሉን አልንቀውም። «ሆደ ባሻ» ጠባይን ይወቅሳል። ይህኛው ስም የደረሰብንን ነገር ይገልጻል። ለተጎዳ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው።

ኪፕሊንግ ዊሊያምስና ባልደረቦቹ በ2000 ያወጡት ሙከራ ደግሞ ዝምታ ማንንም እንደሚጎዳ አሳይቷል። ጨዋታው ቀላል ነው። ኮምፒውተር ላይ ሦስት ተጫዋቾች ኳስ ይቀባበላሉ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ ለሦስተኛው ማቀበል ያቆማሉ። ምንም ስድብ የለም። ምንም ቃል የለም። ኳሱ ብቻ አይመጣም። ያ ሰው ግን ይከፋዋል። የሚፈለግ ሰው የመሆን ስሜቱ ይወርዳል። በ2004 በወጣ ሌላ ሙከራ ተሳታፊዎቹ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሰዎች ሳይሆኑ ኮምፒውተር መሆናቸው ተነገራቸው። እንዲያም ሆኖ ከፋቸው። ግሩፕ ውስጥ የጻፋችሁት ነገር ሥር ማንም ሳይመልስ ሌሎች ወሬያቸውን ሲቀጥሉ የሚሰማችሁ ይህ ነው። ኳሱ አልፏችሁ ሄደ።

ፍርሃቱ ምን ያደርጋል?

በአብዛኛው አይታይም። ይህ ነው ክፋቱ።

አንድ የማውቀው ወጣት አለ። ኦቲዝም አለበት። ግሩፕ ውስጥ ሁለት መስመር ለመጻፍ አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። መጀመሪያ ስልኩ ማስታወሻ ላይ ይጽፋል። ጮክ ብሎ ያነበዋል። «በጣም» የሚለውን ቃል ያወጣል፤ የበዛ ጉጉት እንዳይመስል። ከዚያ ይመልሰዋል፤ ቀዝቃዛ እንዳይመስል። ሌሎች ምን ዓይነት ኢሞጂ እንደሚጠቀሙ ወደ ላይ ወጥቶ ያያል። ሊልክ ሲል ወሬው ወደ ሌላ ርእስ አልፏል። ያጠፋዋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ይህ ልጅ «ዝምተኛ አባል» ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ራስን መሸሸግ ይሉታል። ሎራ ሃልና ባልደረቦቿ በ2017 ኦቲዝም ያለባቸውን አዋቂዎች አነጋግረው ነበር። ብዙዎቹ ሌላውን ሰው ለመምሰል የሚያደርጉት ጥረት አቅማቸውን እንደሚጨርሰው ተናገሩ። «ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ» የሚል ስሜትም አለበት። ሥራ ቦታ ላይ ይህን ማድረግ አንድ ነገር ነው። የሚወዱትን ነገር ሊያወሩ በመጡበት ቦታ ላይ ማድረግ ግን ልብ ይሰብራል። ደክሞት የመጣ ሰው ቤቱ ገብቶም ጫማውን አያወልቅም እንደማለት ነው።

ሌላው ነገር አስቀድሞ መሄድ ነው። ሳይገፉኝ ልሂድ። እኔ ጽሑፌን ያጠፋሁት ለዚያ ነው። ዳውኒና ባልደረቦቿ በ1998 ባወጡት የፍቅረኛሞች ጥናት፣ መገፋትን አብዝቶ መፍራት ራሱ መገፋትን ሊያመጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ሰውየው ይከላከላል፣ ይቆጣል ወይም ይሸሻል። ሌላው ወገን በዚያ ይርቃል። ግሩፕ ውስጥም ይኸው ነው። «ተቀይመሽኛል?» ብሎ በሳምንት አራት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው በመጨረሻ ጓደኛውን ያደክማል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የሚፈራው ሰው ሕመም እውነት ነው። የሚጠየቀው ሰው ድካምም እውነት ነው።

ደግሞ ፍርሃቱ ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። የአድናቂዎች ማኅበረሰብ ጨካኝ ሊሆን ይችላል። የአንድን ሰው መልእክት ፎቶ አንስቶ ሌላ ግሩፕ ውስጥ መሳቅ አለ። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ የተለየ አስተያየት የሰጠን ሰው በአንድ ሌሊት በመቶ ሰው ማስወረር አለ። በተለይ ያልተጻፉት ሕጎች አሉ። ሥዕል ሥር ስሕተት አይታረምም። የድሮ ወሬ አይቀሰቀስም። ታዋቂዋ አባል ስትቀልድ ይሳቃል እንጂ «እውነትሽን ነው?» አይባልም። እነዚህን ሕጎች «ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል» ይባላል። ሁሉም ሰው የሚባለው ግን ሳይነገረው የሚገባው ሰው ብቻ ነው።

ዴሚያን ሚልተን በ2012 ያነሳው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል። ሚልተን ራሱ ኦቲዝም ያለበት ምሁር ነው። ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌላውን መረዳት ያቅተዋል ሲባል ኖሯል። እሱ ግን መረዳት ያቃተው ሁለቱም ወገን ነው አለ። ሌሎቹም እኛን አይረዱንም። ልዩነቱ፣ እኛ እነሱን እንድንረዳ ዕድሜያችንን ሙሉ እንጠየቃለን። እነሱ ግን አይጠየቁም።

ለሚፈራው ሰው ምን ይረዳዋል? «አታስቢ» ማለት አይረዳም። እኔን የረዳኝ ስለ ዝምታ ሁለት እውነቶችን ማወቄ ነው። አንደኛው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያው የያኮብ ኒልሰን የ2006 ግምት ነው። ኢንተርኔት ላይ ባሉ ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ100 ሰው 90 ያህሉ አንብቦ ብቻ ይሄዳል። 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል። አብዛኛውን የሚጽፈው አንዱ ነው። ስለዚህ 43 ሰው አይቶ አንዲት ልጅ መመለሷ የተለመደ ነገር ነበር። ሁለተኛው ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በ2018 ያወጡት ጥናት ነው። ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ተነጋግረው ሲለያዩ፣ ያ ሰው ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲጠየቁ ዝቅ አድርገው ይገምታሉ። በእርግጥ የተወደዱት ከገመቱት በላይ ነው። ይህም ጥናት ኒውሮዳይቨርጀንት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም።

በተግባር ደግሞ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ሌሊት የለጠፍኩትን ሌሊት አላጠፋም። እንቅልፍ በመካከል መግባት አለበት። ጠዋትም ካመመኝ የጻፈችውን ልጅ በግል እጠይቃታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግልጽ። «ቃናው አልገባኝም፤ ቀልድ ነው ወይስ ቅር ብሎሽ ነው?» ግሩፑ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በውስጡ ሁለት ወይም ሦስት የሚያውቁኝ ሰዎች እፈልጋለሁ። ሦስት ሰው ሲያውቀኝ የ43 ሰው ዝምታ ያን ያህል አይከብድም። ሕመሙ ከዚህ አልፎ መኖርን የሚያስጠላ ደረጃ ላይ ከደረሰ ግን ነገሩ የግሩፕ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ያን ጊዜ ለሚቀርቡት ሰውና ለባለሙያ መናገር ያስፈልጋል፤ በዚያው ቀን።

ያቺን «ብዙ ጊዜ አለሽ» ያለችኝን ልጅም ከዓመት በላይ ቆይቼ ጠይቄያታለሁ። መጀመሪያ አላስታወሰችውም። ከዚያ ትዝ ሲላት «ያ የኪሱ ነገር! የት አደረስሽው? ቅዳሜ ተረጋግቼ ላነበው ብፈልገው ጠፋብኝ» አለች። ቀንታብኝ ነበር የጻፈችው። በዚያ ሰሞን ሁለት ሥራ ነበራት።

እኔ ዝም ያልኩ ቀን

አሁን ሌላኛው ወገን የቆምኩበትን ልናገር።

ከዚያ በኋላ በሌላ ግሩፕ ውስጥ አድሚን ሆንኩ። አምስት ነበርን። አንዲት አባል ነበረችን። ድራማውን ከሁላችንም በላይ ታውቀዋለች። ሰዎች የሠሩትን ሥዕል ሲለጥፉ ግን ሥሩ ትገባና ታርማለች። «ልብሱ በዚያ ክፍል ሰማያዊ አልነበረም። ጠባሳው ያለው በቀኝ ነው።» ትክክል ነበረች። ክፋት አልነበረባትም። መረጃ እየሰጠች፣ ሥዕሉን በደንብ አይቼዋለሁ እያለች ነበር። ሠዓሊዎቹ ግን ቅር አላቸው። ሁለቱ መለጠፍ አቆሙ።

አድሚኖቹ በግል ግሩፓችን ተነጋገርን። ስለ እሷ ሦስት ቀን አወራን። ለእሷ ግን አንድ ቃል አልነገርናትም። በመጨረሻ መልእክቶቿ በአድሚን ሳይፈቀዱ እንዳይታዩ አደረግን። ከዚያም ማናችንም መፍቀዱን ረሳነው። ወይም እንደረሳን ሆንን። በአራተኛው ቀን ጻፈችልን። «መልእክቶቼ አይታዩም። ያጠፋሁት ነገር አለ?» አምስታችንም አየነው። እያንዳንዳችን ሌላው ይመልሳል ብለን ጠበቅን። በሳምንቱ ከግሩፑ ወጣች።

የሚያመኝ እኔም ከአምስቱ አንዷ መሆኔ ነው። ያንን ሌሊት የማውቀው እኔ።

ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ሰው ፊት ላይ ስሕተቱን መንገር ነውር ነው ተብለን አድገናል። ዝምታ ወርቅ ነው ተብለናል። ግን መገፋትን የለመደ ሰው ዝምታን እንደ ወርቅ አይቀበለውም። እንደ ፍርድ ነው የሚቀበለው። ጥፋቱ ያልተነገረው ሰው የሚያርመው ነገር የለውም። ስለዚህ ራሱን በሙሉ ጥፋተኛ ያደርጋል። «ሥዕል ሥር አታርሚ» ብንላት የምታቆመው አንድ ነገር ነበር። ዝም ስንላት ግን የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጥፋት።

ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ ብዙ ነገር ቀየርን። ሕጎቹን ከነምሳሌያቸው ጻፍናቸው። «ትሑት ሁኑ» የሚለውን አወጣነው፤ ለማንም ምንም አይነግርም። በምትኩ «ሥዕል ሥር የምንጽፈው የወደድነውን ነው፤ ስሕተት ካያችሁ ሠዓሊውን ልንገርህ ወይ ብላችሁ በግል ጠይቁ» ብለን ጻፍን። ስለ ዝርዝር ነገር ማውራት ለሚወዱ የራሳቸውን ክፍል ከፈትን። አሁን ከሁሉም የሚደምቀው እሱ ነው። መልእክት መጨረሻ ላይ «ቀልድ ነው» ወይም «ከልቤ ነው» ብሎ መጻፍ ለመድን። መጀመሪያ ለሁሉም እንግዳ ነበር። አንዳንዱ ቀልዱን ያበላሻል ብሎ ነበር። አሁን ኒውሮዳይቨርጀንት ያልሆኑትም ይጠቀሙበታል። አንድን አባል ስናርም ደግሞ ምን እንዳደረገ፣ ምን ቢያደርግ እንደሚሻልና እዚህ መኖሩን እንደምንፈልግ እንነግረዋለን። ሦስተኛው መቼም አይቀርም። ያላወቀም ሰው ሌላውን ሲጎዳ እናስቆመዋለን። ስናስቆመው ግን ምክንያቱን ይሰማል።

እሷን ለማግኘት አምስት ወር ፈጀብኝ። ማለቴ፣ አድራሻዋ እጄ ላይ ነበር። መጻፍ ነው ያቃተኝ። አንድ ቀን ግን ጻፍኩላት። የሆነውን በሙሉ ነገርኳት። ሥዕሎቹን፣ የተነጋገርነውን፣ ጥያቄዋን አይተን ዝም ማለታችንን። በማግስቱ መለሰች።

«እሺ። ገባኝ። ሥዕሎቹን እየወደድኳቸው ነበር። ለምን ያን ጊዜ አልነገራችሁኝም?»

«ስለፈራን ነው» አልኳት። «ትቀየማለች ብለን።»

አየችው። እየጻፈች መሆኑን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። በዚያ መሃል እኔ ስልኩን አንዴ ደፍቼ አንዴ እያነሳሁ ነበር።

«እኔም እኮ ፈርቼ ነው ደግሜ ያልጠየቅኳችሁ።»